ስምንት ሰው፣ 1,200 ሸሚዝ፣ 30 የሥራ ቀን፦ ሥራውን እንዴት እንከፋፈል?

ተክልዬ_ስፌት
ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ሼድ ውስጥ በሽርክና ተደራጅተን ልብስ የምንሰፋ ስምንት ልጆች ነን። ዘንድሮ ከአንድ ትምህርት ቤት የ1,200 ዩኒፎርም ሸሚዝ ትዕዛዝ ይዘናል። ቀብድ ተቀብለናል፣ ጣቃውም ገብቷል። እሑድና በዓል ሲወጣ እስከ ርክክቡ የሚቀረን 30 የሥራ ቀን ነው።

እስካሁን የምንሠራው እያንዳንዱ ሰው የተቆረጠለትን ይወስድና ሸሚዙን ራሱ ይጨርሳል። አምና በዚህ መንገድ ሰፍተን የአንዱ ኪስ ከፍ፣ የሌላው ዝቅ ብሎ ወጣ፤ ደንበኛውም ከክፍያው ላይ ቀነሰብን። ዘንድሮ "በመስመር እንሥራ፣ አንዱ ኪስ፣ አንዱ እጅጌ ይያዝ" የሚሉ አሉ። "እኔ ሙሉ ልብስ የምሰፋ ባለሙያ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ኪስ ስለጥፍ አልውልም" የሚሉም አሉ፣ እነሱም እውነት አላቸው።

ሌላው ችግር ኃላፊነት ነው። በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ ሊቀመንበር፣ ፀሐፊና ገንዘብ ያዥ ተጽፏል። ክር ሲያልቅ ግን መርካቶ የሚወርደው ማን እንደሆነ አልተጻፈም። ማለቁን ሁሉም ያያል፤ ተነስቶ የሚሄድ የለም። በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ ምከሩን።

ሰባተኛ_ልጅ
በመስመር ሥሩ፣ ምን ጥያቄ አለው! ከሰባተኛ ጀምረህ መርካቶን ዙር፤ በብዛት የሚሰፋ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሠራው። ሙሉ ልብስ መስፋት ለሙሽራ ሱፍ ነው፣ ለዩኒፎርም አይሆንም።

ደቂቃ_ቆጣሪ
ሰባተኛ_ልጅ፣ "በመስመር" ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም። ስምንት ሰው በረድፍ አስቀምጦ አንዱ ሲጨናነቅ ሰባቱ ሻይ የሚጠጡበት መስመር ስንት አይቻለሁ። የተማርኩት ኢንዱስትሪያል ምህንድስና ነው፣ የምሠራውም ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ስለሆነ ይሄን በየቀኑ አየዋለሁ።

ተክልዬ፣ ከምክር በፊት ቁጥር ያስፈልገናል። ነገ የስልካችሁን ሰዓት ቆጣሪ ክፈቱና አንድ ሸሚዝ ከመቆረጡ እስኪተኮስ እያንዳንዱ ደረጃ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ያዙ። አንዴ ብቻ አትለኩ፤ ሰው ሲለካ ይፈጥናል። አምስት ስድስት ጊዜ ለክታችሁ መካከለኛውን ውሰዱ። ማን ምን እንደሚሠራም አብራችሁ ጻፉ።

ሰፊ_ነኝ
እኔ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ። ሥራን መቆራረጥ ሰውን ይገድላል። ሥራ ሲከፋፈል ምርት እንደሚጨምር እ.ኤ.አ. በ1776 የጻፈው አዳም ስሚዝ ራሱ፣ አሥር ሰዎች ተከፋፍለው በቀን ከ48,000 በላይ ስፒል እንደሚሠሩ ከነገረን በኋላ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሁለት ሦስት ቀላል ነገር ብቻ ሲደጋግም የኖረ ሰው አእምሮው እንደሚደነዝዝ ጽፏል። ሰው የሚጠቅሰው የፊተኛውን ብቻ ነው።

ፎርድንም ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1913 ተንቀሳቃሽ መስመር ሲዘረጋ ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው የአንድ መኪና መገጣጠም ብዙም ሳይቆይ ወደ 93 ደቂቃ ወረደ። ሠራተኛው ግን እየጣለ ይሄድ ነበር። በ1914 መጀመሪያ የቀን ክፍያውን 5 ዶላር ያደረገው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቮልቮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 ስዊድን ካልማር ላይ ሠራተኛው በቡድን ሆኖ ሰፋ ያለ ሥራ የሚይዝበት ፋብሪካ ከፈተ። ስለዚህ መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም።

ሰባተኛ_ልጅ
ካልማር ተዘግቷል እኮ ወንድሜ።

ሰፊ_ነኝ
አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ1994። 20 ዓመት ግን መኪና አውጥቷል። አንተ ያየኸው ሱቅ ሁሉ 20 ዓመት ቆይቷል?

ደቂቃ_ቆጣሪ
ሁለታችሁም ተዉት፣ ለእነዚህ ልጆች የቀረው 30 ቀን ነው። በሠላሳ ቀን አእምሮ አይደነዝዝም። ወገብ ግን ያማል፤ ስለዚህ በሳምንት አንዴ ቦታ መቀያየር ጥሩ ነው፣ ወደ እሱ እንመለሳለን።

እማማ_አራዳ
ልጆቼ፣ ፋብሪካ አላውቅም፣ እድር ግን አውቃለሁ። ፒያሳ ሳለን የእድራችን ፀሐፊ ነበርኩ። ሰው ሲሞት ድንኳኑን ማን ያመጣል ብሎ የሚጠይቅ የለም። ንብረት ያዡ የታወቀ ነው፣ ቁልፉ እሱ ጋ ነው፤ እሱ ከሌለ ምክትሉ አለ። ለቀብር ያልወጣ ይቀጣል፣ ቅጣቱም ከነብሩ ደንቡ ላይ ሰፍሯል። ገንዘብ ያዡ ገንዘብ ይይዛል እንጂ ዕቃ አይገዛም፤ የሚገዛው ሌላ ሰው ነው፣ ደረሰኝ ያመጣና ይፈራረማሉ። የእናንተ ሊቀመንበርና ገንዘብ ያዥ ጥሩ ነው፣ ግን ክሩን፣ መርፌውን፣ ቁልፉን የሚይዝ ንብረት ያዥ የላችሁም። እሱን መጀመሪያ ሰይሙ። ሰው በስሙ ሲጠራ ነው የሚነሳው፣ የኔ ልጅ።

ደቂቃ_ቆጣሪ
እማማ የተናገሩት በጥናትም የታየ ነው። ማክስ ሪንግልማን የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ጉልበታቸውን ለክቶ ነበር። ስምንት ሰው አንድ ላይ ሲጎትት እያንዳንዱ የሚያወጣው ጉልበት ብቻውን ሲሆን ከሚያወጣው ግማሽ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። እናንተም ስምንት ናችሁ። ሰው ስለሰነፈ ብቻ አይደለም፤ አብሮ ሲጎተት ጊዜው አይገጥምም፣ የማን ድርሻ የት ላይ እንደሆነም አይታይም።

ተክልዬ_ስፌት
ለክተናል። ለአንድ ሸሚዝ በደቂቃ፦

መቁረጥ (በአንድ ላይ ተደርቦ ለአንዱ ሲካፈል) 3
ኮሌታ ሠርቶ አንገት ላይ መግጠም 14
ኪስና ፊት 9
ትከሻና እጅጌ 10
ጎን መዝጋትና ኦቨርሎክ (ጠርዙ እንዳይተረተር መስፋት) 8
ዘርፍ ማጠፍ 5
ቁልፍ መትከል 7
ክር መልቀም፣ ማየት፣ መተኮስ 8

የቁልፍ ቤት (ቁልፉ የሚገባበት ቀዳዳ) ማሽን ስለሌለን ውጭ ሰጥተን ነው የምናስወጣው፣ እሱ አልተቆጠረም። ኮሌታው ላይ የያዝነው የሊቀመንበራችንን ጊዜ ነው። ሌሎቻችን ስንሰፋው ከ20 ደቂቃ ያልፋል፣ ጫፉም ይጣመማል፤ ስለዚህ አስቸጋሪ ኮሌታ ሲመጣ ሁሉም ለእሱ ነው የሚያቀብለው።

ደቂቃ_ቆጣሪ
በጣም ጥሩ። አሁን አብረን እንቁጠር።

1,200 ለ30 ሲካፈል በቀን 40 ሸሚዝ ነው። ስምንት ሰዓት 480 ደቂቃ ነው፤ ለ40 ሲካፈል 12 ደቂቃ ይመጣል። በየ12 ደቂቃው አንድ ሸሚዝ ከበር መውጣት አለበት ማለት ነው። ይቺን 12 ቁጥር ግድግዳ ላይ ጻፏት።

የደቂቃዎቹ ድምር 64 ነው። 64 ለ12 ሲካፈል ከአምስት ሰው ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ ስምንት ሰው ይበቃችኋል፣ ይተርፋችኋልም። የጎደላችሁ ሰው አይደለም፤ ሥራው እኩል አልተጫነም። ከ12 በላይ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ኮሌታ። አንድ ሰው ያለ እረፍት ኮሌታ ቢሠራ 480 ለ14፣ በቀን 34 ያወጣል። በ30 ቀን 1,020። ሌሎቻችሁ የፈለጋችሁትን ያህል ብትፈጥኑ ከ1,020 በላይ ሸሚዝ አይወጣም። የቀረው 180 ሸሚዝ አንገት የለውም።

ሌላ ጥያቄ፦ ሊቀመንበሩ በቀን ስንት ሰዓት ማሽኑ ላይ ይቀመጣል?

ተክልዬ_ስፌት
ቢበዛ ግማሽ ቀን። ባንክ እሱ ነው የሚሄደው፣ ወረዳም እሱ። ትምህርት ቤቱ ሲደውል የሚያነሳው እሱ ነው። ክር ሲያልቅም መጨረሻ ላይ ተናዶ የሚወርደው እሱ ነው።

ደቂቃ_ቆጣሪ
ተገኘ በሉኛ። 240 ለ14፣ በቀን 17 ኮሌታ፤ በ30 ቀን 510 ሸሚዝ። የትዕዛዙን ግማሽ እንኳ አትደርሱም። መስመር ሠራችሁ አልሠራችሁ፣ ኮሌታ ላይ ያለው ሰው ወረዳ ሰልፍ ላይ ከቆመ ሁሉም እሱን ይጠብቃል።

ፌዘኛው
ሊቀመንበር ከሥልጣን አውርዶ ኮሌታ ላይ ማስቀመጥ! በዚህ አገር ታይቶ አያውቅም 😂

ተክልዬ_ስፌት
ፌዘኛው፣ አንብቤለት ራሱም ስቋል። "ወረዳ ከመቆም ኮሌታ ይሻለኛል" አለ።

ሰፊ_ነኝ
ይሄ አሳመነኝ፣ እውነት ለመናገር። ሥራ መከፋፈሉን አሁንም አልወደውም፤ ግን እዚህ የተሰላው መከፋፈሉ ሳይሆን የማን ሰዓት የት እንደሚባክን ነው። ለኮሌታው አንድ ነገር ልጨምር። ከ14ቱ ደቂቃ ሁሉም ስፌት አይደለም። ማጠንከሪያውን በካውያ መለጠፍ፣ ጫፉን መከርከም፣ መገልበጥ፣ ጫፉን አውጥቶ መተኮስ አለበት። ይሄ ቢያንስ አራት ደቂቃ ይወስዳል፣ ማሽንም አይፈልግም። ጎበዝ ሰፊ ካውያ ይዞ መቆም የለበትም፣ ለሌላ ስጡት።

ጫፍ ሲገለበጥ ደግሞ በመቀስ እንዳይገፉ፤ ጨርቁ ይበሳል። ጥጉ ላይ አንድ ክር በመርፌ አስገብቶ መሳብ ነው። ከርከሚውም ጥጉን ሰያፍ አድርጎ፣ ስፌቱን ሳይነካ ይቁረጥ። የአምናው ጫፍ መጣመም ከዚህ ይመስለኛል የመጣው፤ ጥጉ ላይ የተረፈ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነው እብጠት የሚፈጥረው።

ደቂቃ_ቆጣሪ
ሰፊ_ነኝ፣ ወርቅ ነው የሰጠሃቸው። አራቱን ደቂቃ ለቆራጩ ስጡት፦ የእሱ 3 ብቻ ነበር፣ 7 ይሆናል። ኮሌታው ወደ 10 ይወርዳል፣ ማለትም በቀን እስከ 48። መብራትና የማሽን ብልሽት የሚበላውን አውጥታችሁ 40 ትደርሳላችሁ። ቆራጩ 1,200ውን ባንድ ጊዜ ቆርጦ ሼዱን አይሙላው፤ ከመስመሩ ሁለት ቀን ቀድሞ ይሂድ፣ በቂ ነው።

ዘርፍ የሚያጥፈው ሰው ሥራ 5 ደቂቃ ነው፤ ለ40 ሸሚዝ 200 ደቂቃ። ከቀኑ ከግማሽ በላይ ነጻ ነው። መርካቶ የሚወርደው፣ ባንክ የሚሄደው እሱ ይሁን። እሱ ሁለት ሰዓት ቢጠፋ ዘርፍ ያልታጠፈ ሸሚዝ ተከምሮ ይጠብቀዋል፣ ተመልሶ ይደርስበታል። ኮሌታ ሰፊ ሁለት ሰዓት ሲጠፋ ግን ያ ሰዓት በቃ ሄደ።

ሂሳብ_ሹም_ካዛንቺስ
እማማ አራዳ ያሉትን ላጠናክር። የሚገዛ ሰው ገንዘብ አይያዝ፣ ገንዘብ የሚይዝ አይግዛ። ቼክ በሁለት ፊርማ ይሁን፤ ሊቀመንበሩ ለፊርማ በሳምንት አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ብቻ ይሂድ። ለትናንሽ ግዢ ለገዢው የተወሰነ ጥሬ ብር በእጁ ስጡት፣ ደረሰኙን ሲያመጣ ተኩለት።

ስለ ክፍያ ማንም አላነሳም፣ ጠቡ የሚመጣው ግን ከዚያ ነው። እንዴት ነው የምትካፈሉት?

ተክልዬ_ስፌት
በፍሬ። የሰፋኸውን ቆጥረህ ነው። በመስመር ከሆነ እንዴት እንደሚሆን አልገባንም።

ሂሳብ_ሹም_ካዛንቺስ
በየደረጃው በፍሬ ከከፈላችሁ ኪስ ሰፊው 70 ኪስ ለጥፎ ይከምርላችኋል፣ የሚለብሰው ሸሚዝ ሳይኖር። ሁሉም የሚከፈለው ተተኩሶ፣ ታይቶ፣ ታጥፎ ከበር በወጣ ሸሚዝ ይሁን፣ ለስምንቱ እኩል። ያኔ ኪስ ሰፊው ኪሱን ሲጨርስ ተነስቶ ቁልፍ ይተክላል፤ ሳይለመን።

ሰባተኛ_ልጅ
እኩል? ኮሌታ የሚሰፋና ክር የሚለቅም እኩል? እኔ ብሆን ኮሌታ ሰፊው ነኝና ነገ ጎረቤት ሼድ ሄጄ ተቀጠርኩ።

ሂሳብ_ሹም_ካዛንቺስ
አባል ነው እንጂ ተቀጣሪ አይደለም፤ ዓመታዊ ትርፉም የእሱ ነው። ቢሆንም ነጥብህን እቀበላለሁ፦ ለኮሌታና ለእጅጌ ትንሽ ጭማሪ ማድረግ ይቻላል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተስማምተው ቃለ ጉባኤ ላይ ያስፍሩት። ከውጭ ቀን ሠራተኛ ካስገባችሁ ግን እሱ አባል ስላልሆነ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው የሚታየው፤ መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው፣ ትርፍ ሰዓት የራሱ ክፍያ አለው። "ወንድማችን ነው፣ ማታ ይረዳናል" ብላችሁ አትለፉት።

ሰባተኛ_ልጅ
በጭማሪው ተስማማሁ። ስንት የሚለው ላይ ግን አትስማሙም፣ አውቃችኋለሁ።

ካይዘን_ነክቶኛል
ካይዘን፣ ማለትም ሥራን በትንሽ በትንሹ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ፣ የሚያስተምረው ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ሥልጠናውን ወስጄ ነበር። "አምስቱ ማዎች"፣ ማለትም የሥራ ቦታ የሚደራጅባቸው አምስት ደረጃዎች፣ ሲባል ብዙ ሰው ግድግዳ ላይ ለጥፎ ረስቶታል፤ እኔም የመጨረሻው፣ ማዝለቁ ላይ ነው ሁሌ የምወድቀው። ለእናንተ የሚጠቅመውን ብቻ ልበል።

የተቆረጠውን በ20 በ20 እሰሩት፣ እያንዳንዱ እስር ላይ ሳይዝና ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ይታሰር። ኮሌታው፣ እጅጌው፣ ኪሱ ሁሉ ከዚያው እስር ጋር ይጓዝ። የ32 ኮሌታ 34 ሸሚዝ ላይ የሚገባው እስሩ ሲፈታ ነው። ካርቶኑ ላይ የሠራ ሰው ሁሉ በስሙ ይፈርም። ለቅጣት አይደለም፤ ኪሱ ዝቅ ካለ ተኳሹ በቀጥታ ማን ጋ እንደሚመልስ እንዲያውቅ ነው።

ማየቱን ለመጨረሻው ሰው ብቻ አትተዉት። ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ ማንኛውም ሠራተኛ ችግር ካየ ገመድ ስቦ ጥሪ ማድረግ ይችላል፣ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። እናንተ ገመድ አያስፈልጋችሁም፣ ስምንት ሰው በአንድ ሼድ ውስጥ ይሰማማል። ጠማማ ኮሌታ የደረሰው እጅጌ ሰፊ ዝም ብሎ ከሰፋበት ግን ሲተረተር ሦስት ሥራ ነው የሚፈርሰው። "አልቀበልም" የማለት መብት ይኑረው፣ የተባለውም አይኮሳተር።

ኮረንቲ_የለም
መብራት ሲሄድስ?

ሰፊ_ነኝ
የእግር ሲንጀር አንድ እንኳ ካላችሁ ኮሌታው ላይ አድርጉት። ቁልፍ መትከል፣ ክር መልቀም፣ ኮሌታ መከርከምና መገልበጥ መብራት አይፈልግም። ለእነዚህ ሁሌ የተወሰነ ሥራ አስቀምጡ፣ መብራት ሲሄድ ሁሉም ወደዚያ ይዙር።

እማማ_አራዳ
ሊቀመንበሩ ቢታመምስ? ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ነው ነገሩ። አንዷን ልጅ ከአሁኑ ኮሌታ ያስተምራት።

ተክልዬ_ስፌት
ትናንት ማታ ተሰብስበን የተስማማነውን ልጻፍ።

ሊቀመንበሩ ኮሌታ ላይ። የትምህርት ቤቱን ስልክ ፀሐፊያችን ታነሳለች፤ ቁልፍ የምትተክለውም እሷ ስለሆነች እጇ ነው እንጂ አፏ አልተያዘም። ዘርፍ የሚያጥፈው ልጅ ንብረት ያዥና ገዢ ሆኗል፤ ክር፣ መርፌና ቁልፍ በእሱ ቁልፍ ሥር ናቸው፣ ማታ ማታ ቆጥሮ ያድራል። ገንዘብ ያዣችን ትተኩሳለች፣ የመጨረሻውን ቁጥርም እሷ ትይዛለች፤ ክፍያው ከእሷ ደብተር ላይ ነው የሚሰላው። "ኪስ ስለጥፍ አልውልም" ያለው ልጅ ዓርብ ከሰዓት ከሊቀመንበሩ ኮሌታ ሊማር ተስማምቷል፤ ባላው እሱ ነው። የኮሌታና የእጅጌ ጭማሪ ላይ፣ ሰባተኛ_ልጅ እንዳለው፣ አልተስማማንም። ለጊዜው እኩል ብለን ወር ላይ እንድናየው ቃለ ጉባኤ ይዘናል።

ሰባተኛ_ልጅ
ነግሬያችሁ ነበር 😄 ሥራው ሲጀመር ቁጥሩን አሳውቀን።

ተክልዬ_ስፌት
የመጀመሪያው ሳምንት፦ ሰኞ 22፣ ማክሰኞ 29፣ ረቡዕ መብራት ሄዶ 24፣ ሐሙስ 36፣ ዓርብ 35፣ ቅዳሜ 38። ኮሌታ አሁን የሚጠብቅ የለም። ይልቅ ሸሚዝ የሚከመረው የቁልፍ ቤት ላይ ነው። ውጭ የምንሰጠው ሰውዬ ከሰዓት በኋላ ወረፋ ይበዛበታል፤ ፀሐፊያችን ቁልፍ ይዛ ቀዳዳ ትጠብቃለች።

ደቂቃ_ቆጣሪ
ማነቆው ቦታ ቀየረ፣ ያለ ነገር ነው። ዋጋ ሳይሆን ሰዓት ተደራደሩት። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት የማንም ሥራ የለበትም አይደል? ገዢያችሁ የማታውን 40 ሸሚዝ ይዞ በሩ ላይ ይጠብቀው፣ ከሌላው በፊት ይውጣላቸው። እምቢ ካለ ማሽኑን በሰዓት ያከራያችሁ እንደሆነ ጠይቁት።

ተክልዬ_ስፌት
ጠየቅነው። 2 ሰዓት ላይ ይከፍታል፣ እስከ 3 ሰዓት ተኩል የእናንተ ነው ብሎናል። ከነገ ይጀመራል።

ካይዘን_ነክቶኛል
እዚያም ሲወስድ እስሩን እንዳይፈታው ንገሩት። ካርቶኑ አብሮ ይሂድ።